ሰልፈሪክ አሲድ ታይትሬሽን፦ መልሴ ለምን እጥፍ ሆነ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከትናንት ጀምሮ አንድ ስሌት አስቸግሮኛል። ኮንሰንትሬሽኑ (የክምችት መጠኑ) ያልታወቀ ሰልፈሪክ አሲድ ተሰጥቶን ነበር፤ በታይትሬሽን፣ ማለትም ኮንሰንትሬሽኑ የታወቀ ቤዝ አሲዱ እስኪያልቅ እየጨመርን፣ እንድናገኘው። 25.0 ሚሊ ሊትር በፒፔት ለክቼ ፍላስክ ውስጥ ጨመርኩ። ሦስት ጠብታ ፌኖልፍታሊን (በቤዝ ውስጥ ሮዝ የሚሆን አመልካች) አደረግኩበት። ከዚያ ሮዝ እስኪሆን ድረስ ቤዙን፣ 0.100 ሞላር (በሊትር 0.100 ሞል፤ ሞል የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሶድየም ሃይድሮክሳይድ፣ ከቢዩሬት (መጠን ከተጻፈበት ባለ ቧንቧ የመስታወት ቱቦ) አወረድኩበት። ሦስት ጊዜ ሠርቼ 19.60፣ 18.45 እና 18.35 ሚሊ ሊትር አገኘሁ። አማካዩ 18.80 ነው። የቤዙን ሞላሪቲ በቤዙ መጠን አባዝቼ ለአሲዱ መጠን ሳካፍለው 0.0752 ሞላር መጣ። ትክክለኛው ግን 0.0368 ነው ተባልን። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ያ አሠራር የሚያዋጣው አንድ ሞል አሲድ አንድ ሞል ቤዝ ሲፈልግ ብቻ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበርክ። ሰልፈሪክ አሲድ ግን ሁለት ሃይድሮጅን ይሰጣል። ስለዚህ አንዱ ሞል ሁለት ሞል ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ይጨርሳል። ያገኘኸውን ለሁለት አካፍለው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ! ሳካፍለው 0.0376 ሆነ። ቀርቧል፣ ግን አሁንም 0.0368 አይደለም። ተቀራርቧል ብዬ ልለፈው?

መልስ 2፦
እንዳታልፈው! ቀሪው ስህተት አማካዩ ላይ ነው። 19.60ን እየው፣ ከሌሎቹ ከ1 ሚሊ ሊትር በላይ ይርቃል። የመጀመሪያው ሙከራ ቀለሙ የት አካባቢ እንደሚለወጥ ለማወቅ ነው የሚሠራው። አማካይ ውስጥ የሚገቡት በ0.10 ሚሊ ሊትር ውስጥ የተቀራረቡት ናቸው። ስለዚህ 18.45 እና 18.35ን ብቻ ውሰድ፣ 18.40 ይሆናል።

እኔ ሁሌም በሞል ነው የምሠራው፣ እንዲህ ዓይነት ወጥመድ ውስጥ አያስገባም። 0.01840 ሊትር በ0.100 ሲባዛ 0.00184 ሞል ሶድየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ለ2 ሲካፈል 0.00092 ሞል አሲድ። ይህን ለ0.0250 ሊትር ስታካፍለው 0.0368 ሞላር።

ጠያቂ፦
ልክ መጣ! አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመጀመሪያው ሙከራ ቀለሙ ድንገት ደማቅ ሮዝ ሆነብኝ። በኋለኞቹ ደግሞ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ቆይቶ ጠፋ። ሲጠፋ መጨመር ነበረብኝ?

መልስ 3 (የላብራቶሪ መምህር)፦
አልነበረብህም ልጄ፣ ጥሩ አድርገሃል። ደማቅ ሮዝ ማለት ቤዙ አልፏል ማለት ነው፤ 19.60 የመጣው ለዚህ ነው። የምንፈልገው ፍላስኩን እያዞርክ ለ30 ሴኮንድ ያህል የሚቆይ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ካላደረግክ በቀላሉ የማይታይ ሮዝ ነው። ከዚያ በኋላ ቢጠፋ አትንካው። ከአየር የሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቤዙን እየቀነሰው ነው።

መጨረሻው ሲቃረብ ጠብታ በጠብታ አውርድ። አንድ ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ሁለት ጠብታ ብታሳልፍ 0.10 ሄደ። ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ግማሽ ጠብታ በፍላስኩ ግድግዳ ነካ አድርገህ በተጣራ ውሃ እጠበው። ውሃው የአሲዱን ሞል ስለማይለውጥ ውጤቱን አያበላሽም።

ቢዩሬቱ ግን ሌላ ነው። በውሃ ካጠብከው በኋላ በራሱ በሶድየም ሃይድሮክሳይዱ አለቅልቀው። ውስጡ የቀረ ውሃ ቤዙን ያቀጥነዋል፣ ንባብህም ከፍ ይላል። ፒፔቱንም እንዲሁ በአሲዱ አለቅልቀው። ፍላስኩን ግን በአሲድ እንዳታለቀልቀው፣ ያልለካኸው አሲድ ይጨመርብሃል። ንባብ ከመጀመርህ በፊት ከቢዩሬቱ ቧንቧ ሥር አየር አለመኖሩን እይ። ያ አየር በመሃል ከወጣ፣ ፍላስኩ ውስጥ ያልገባ ፈሳሽ እንደገባ ተቆጥሮ ይነበባል።