ከወሊድ በኋላ ያልገባ ሆድ፦ ሊፖሰክሽን ወይስ ተሚ ታክ? (ደሴ)

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ልጅ፣ የመጨረሻው በኦፕራሲዮን፤ አሁን 10 ወሩ ነው፣ ገና ይጠባል። ክብደቴ ወደ ድሮው ተመልሷል፤ ሆዴ ግን የ5 ወር እርጉዝ ያስመስለኛል፣ ከስፌቱ በላይም ቆዳው ተንጠልጥሏል። አንዱ ሊፖሰክሽን ይበቃል ይላል፣ ሌላው ተሚ ታክ። ልዩነቱ ምንድን ነው? አዲስ አበባ ተሠርቶ ደሴ መመለስስ ይቻላል? በመቀነት ማሰሩስ?

መልስ፦ ፊዚዮ ከኮምቦልቻ
አብሽሪ እህቴ። መጀመሪያ ሆድሽን የገፋው ስብ፣ ቆዳ ወይስ ጡንቻ መሆኑን ለዪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊ፤ ጣቶችሽን ጎን ለጎን ገጥመሽ ከእንብርትሽ በላይ መሃሉን ጫን በይና ራስሽን ትንሽ ቀና አድርጊ። የግራና የቀኙ ጡንቻ ጠርዝ ይሰማሻል። በመካከላቸው ከ2 ጣት በላይ ከገባ ጡንቻው ተለያይቷል። እንብርትሽ ላይና ከእሱ በታችም ድገሚው። ራስሽን ስታነሺ እንብርትሽ እንደ ኳስ ብቅ ካለ ሄርኒያ (አንጀት ወይም ስብ በጡንቻው ቀዳዳ ሾልኮ መውጣት) ሊሆን ስለሚችል አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

መቀነት ወገብ ይደግፋል እንጂ የተለያየ ጡንቻ አይገጥምም፤ በጣም ከጠበቀ ደግሞ ጫናውን ወደ ማህፀን ይገፋዋል። ትንፋሽ እያወጣሽ እንብርትሽን ወደ ውስጥ ሳቢ፣ 10 ሰከንድ ያዢ፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ12 ሳምንት። ትንፋሽሽን ግን አታፍኚ። ተኝቶ ቁጭ ብድግ የሚባለውን ስፖርት ተዪ፣ ከአልጋም በጎንሽ ተገልብጠሽ ተነሺ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ትንፋሽ አፍኖ ያንን ማንሳት ክፍተቱን ያሰፋዋል።

መልስ፦ የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ
ሊፖሰክሽን ከቆዳ ሥር ያለ ስብ ብቻ መጥጦ ያወጣል። ቆዳ አይቆርጥም፣ ጡንቻ አይሰፋም፤ በላላ ቆዳ ላይ ከተሠራ እንዲያውም መጨማደዱ ይብሳል። ክብደትሽ ከተመለሰ በኋላ ሆድሽ ካልገባ ብቻውን የሚበቃሽ አይመስለኝም። ሙሉው ተሚ ታክ ከሽንጥ እስከ ሽንጥ ተቆርጦ ትርፍ ቆዳው ይወጣል፣ ጡንቻው መሃል ለመሃል ይሰፋል፣ እንብርት አዲስ ቀዳዳ ይወጣለታል። በሙሉ ማደንዘዣ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ይፈጃል። የኦፕራሲዮን ጠባሳሽ ብዙ ጊዜ አብሮ ይቆረጣል፣ ሄርኒያም ካለ አብሮ ይጠገናል። ትንሹ ተሚ ታክ ከእንብርት በታች ላለው ብቻ ነው።

አሁን ግን ጊዜው አይደለም። ጡት ካስጣልሽ በኋላ ቢያንስ 3 ወር፣ ጡትሽንም አብረሽ የምታሠሪ ከሆነ 6 ወር ጠብቂ። አራተኛ ልጅ ካሰብሽ መጀመሪያ ውለጂ፤ እርግዝና የተሰፋውን መልሶ ያላላዋል። ሲጋራም ሺሻም ከ4 ሳምንት በፊት ይቁም፤ ኒኮቲን የደም ሥር ስለሚያጠብ የተሳበው ቆዳ ጠርዝ ጠቁሮ ይሞታል። ጫትና የወሊድ መከላከያ ኪኒን ለማደንዘዣው ሐኪም አይደበቁም። የድሮው ጠባሳሽ ከተቆረጠበት መስመር አልፎ ካበጠ ኬሎይድ ነው፣ ይህኛውም እንደዚያ ሊሆን ስለሚችል ቀድመሽ ተናገሪ።

መልስ፦ ከወልዲያ
ስለ መመለሱ ልጨምር፤ ሰው ቸል የሚለው ይህን ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። በዚህ ቀዶ ጥገና ከሚፈሩት ሁሉ የከፋው እግር ውስጥ ደም ረግቶ ወደ ሳንባ መሄዱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጥ ደግሞ ይህንኑ ያባብሳል። ስለዚህ ቢያንስ ከቁስሉ ፈሳሽ እንዲያወጣ የሚገባው ቱቦ እስኪወጣና የመጀመሪያው ቁስል ምርመራ እስኪያልፍ፣ 2 ሳምንት ያህል፣ እዚያው ዘመድ ቤት ቆዪ። ቱቦው የሚወጣው የ24 ሰዓቱ ፈሳሽ ለ2 ተከታታይ ቀን ከ30 ሚሊ ሊትር በታች ሲሆን ነው። ፈሳሹን በየቀኑ ለክተሽ ጻፊ። ቀድሞ ከወጣ ፈሳሹ ከቆዳ ሥር ይጠራቀምና በመርፌ መቀዳት ይመጣል። በመኪና ከመጣሽ በየሰዓቱ ወርደሽ ተራመጂ፤ ኮምቦልቻ ድረስ በአውሮፕላን መምጣት ይሻላል፣ ሐኪሙ ከፈቀደ።

አንድ እግር ብቻ ካበጠና ካመመሽ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ቅርብሽ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ትኩሳት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የጠቆረ ቆዳም እንደዚሁ።

የጦሳ ሥር
አላህ ይስጥልኝ። ልጄን መያዝና ሱጁድስ?

የቀዶ ጥገና ክፍል ነርስ
ለ6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ አይነሳም፤ ያንቺ ልጅ ያኔ የዚያ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ የሚያነሳልሽ ሰው ሳታገኚ ቀን አትቁረጪ። ቁጭ ብለሽ ሌላ ሰው ያስታቅፍሽ። ሱጁድ ላይ ጎንበስ ማለቱ ራሱ ስፌት አይወጥርም፤ የሚጎዳው ከመሬት መነሳቱ ነው፣ ወንበር ላይ ሆነሽ ስገጂ። ምጣዱንም ለሌላ ስጪ፤ ጭሱ ያስላል፣ ሳል ደግሞ የተሰፋውን ጡንቻ ይጎትታል። ሳል ከመጣ ትራስ ሆድሽ ላይ አጥብቀሽ ያዢ።