«ድምፅ ትሰማላችሁ?» ተብሎ ቤት ለቤት ይጠየቅ?

አወያይ (ደብረ ማርቆስ)፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ክርክር የባለፈው ጨዋታችን ቀጣይ ነው። አንዲት አባላችን ባሏ ካረፈ ወዲህ ማታ ማታ የሱ ሳል ከደጅ ይሰማኛል ብላ ጻፈች። ግማሻችሁ ጸበል አላችሁ፣ ግማሻችሁ ሆስፒታል። አንዱ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ሲዞሩ «ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማላችሁ? የሌለ ሰው ታያላችሁ?» ብለው ይጠይቁ የሚል ሐሳብ ጣለ። ይጠየቅ ወይስ ይቅር? ስድብ የለም። የጎረቤት ስም እየጠራችሁም ምሳሌ አታድርጉ።

ነርሷ (ቡሬ)፦ ይጠየቅ እንጂ! እኛ ጋ ሰው የሚመጣው ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ «ይሰድቡኛል» እያለ ከጎረቤት ሲጣላ ይከርማል። ትምህርቱን ይተዋል፣ መታጠብ ይተዋል፣ ሌሊቱን ሲንጎራደድ ያድራል። ያኔ ያመጡታል። አንዳንዱ ቁርጭምጭሚቱ ላይ የሰንሰለት ጠባሳ አለ። ከመጀመሪያው አንድ ሰው ጠይቆት ቢሆን እዚህ አይደርስም ነበር።

የሞጣው፦ እታለም፣ ይሄን ጥያቄ እኔን ብትጠይቂኝ መልሴ «አዎ» ነው። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረኝ ብዬ እጄን እሰዳለሁ፤ ስልኩ ለካ ቤት ቻርጅ ላይ ነው። በቀደም ገበያ መሀል እናቴ ስሜን ጠራችኝ። ጥርት ያለ የሷ ድምፅ። እሷ ግን ቤት ቡና እየቆላች ነበር። በይ መዝግቢኝ።

ሾፌሩ (ደጀን)፦ ቀልዱን ተወው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። አባይ በረሃን ሌሊት ስትወርድ፣ በተለይ ሊነጋጋ ሲል፣ ነጠላ ያጣፋች ሴት መንገድ ስታቋርጥ ታያለህ። ፍሬን ትይዛለህ። ረዳቱ «ምን ሆንክ?» ይልሃል። ምንም የለም፤ በመብራቱ ያየኸው ዳር ላይ ያለ ነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነው። ይሄ ያልደረሰበት የሌሊት ሾፌር አላውቅም። ግን ማንም አይናገርም። ተናገርክ ማለት የመኪናውን ቁልፍ አስረከብክ ማለት ነው። ቤቴ መጥታ ብትጠይቀኝ «እኔ? በጭራሽ!» ነው የምላት።

መምህሩ (ሳይኮሎጂ፣ ባሕር ዳር)፦ እንቅልፍ ያጣ አንጎል ዓይኑን ገልጦ ያልማል፣ ወንድሜ። ያየኸው እሱን ነው። ሴትዮዋን ከመፍራት ይልቅ ማንቀላፋትህን ፍራ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ይሄ ነገር አዲስ አይደለም። እንግሊዞች ወደ 17,000 ሰው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1894 አውጥተዋል። ጥያቄው «ፍጹም ነቅተህ ሳለ የሌለ ነገር አይተህ፣ ሰምተህ ወይም ሲነካህ ተሰምቶህ ያውቃል?» የሚል ነበር። ከአሥር ሰው አንዱ ያህል አዎ አለ። አሁን አስቡት። አንድ ቀበሌ ውስጥ ከአሥር አንዱን «በሽተኛ» ብለን ልንመዘግብ ነው? ሪፈር የምንጽፈውስ የት ነው? እኔ በዚህ መልኩ እንዲጠየቅ አልፈልግም።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ዱካክስ? ዶርም ውስጥ ግማሾቻችን ይጫነናል። በጀርባዬ ከተኛሁ አለቀልኝ። እነቃለሁ፣ ጣቴን እንኳ ማንቀሳቀስ አልችልም፣ በሩ ላይ የሆነ ሰው ቆሟል። ልጮህ እላለሁ፣ ድምፅ የለኝም።

መምህሩ፦ ሕልም በምናይበት የእንቅልፍ ክፍል አንጎል ሰውነትን ያስረዋል፤ ያለዚያ ሕልማችንን ተነሥተን እንሠራው ነበር። አንዳንዴ አንቺ ነቅተሽ እስሩ ሳይፈታ ይቀራል። ሕልሙም ገና አላለቀም። በሩ ላይ የቆመው ከዚያ የተረፈ ነው። በጎን ተኚ፣ ለፈተና ብለሽ እንቅልፍ አትዝለዪ። ጫት የሚቅሙ ልጆች ሲያቆሙ ዱካክ ይበረታብናል ይላሉ፤ ያ ቀን ያልፋል።

መሪጌታ (ዲማ)፦ ልጆቼ፣ ነገሩን ሁሉ ወደ እንቅልፍ አትጠቅልሉት። መዝሙረኛው «ከቀትር ጋኔን» ያለው ያለ ነገር አይደለም። አያቶቻችንም ማን እንደጠራህ ሳታውቅ ፈጥነህ አቤት አትበል ይሉ ነበር። ሆኖም ብላቴናው ሳሙኤል ስሙ ሲጠራ ወደ ዔሊ ሮጠ። ዔሊ ምን አለው? «እኔ አልጠራሁህም፣ ተመልሰህ ተኛ።» ነገሩ የእግዚአብሔር መሆኑን ያስተዋለው በሦስተኛው ነው። ካህኑ እንኳ አልቸኮለም። እናንተ በአንድ ቅጽ በአንድ ቀን ልትወስኑ ነው?

የሞጣው፦ የኔታ፣ አብሾ ጠጥቶ ያየስ?

መሪጌታ፦ እሱ ዕፅ ነው። ዕፅ የሚያሳየውን ከዚህ አትቀላቅል።

ነርሷ፦ የኔታ፣ ለመታገሡ እስማማለሁ። ግን ሦስተኛውን ጥሪ ስንጠብቅ ልጆች ሰንሰለት ላይ ይከርማሉ። ጸበል ይጠመቁ፣ ማን ከለከለ? ክኒኑን አስጥለው የሚወስዷቸው ናቸው የሚያናድዱኝ።

መሪጌታ፦ እኔ ክኒን አስጥዬ አላውቅም። የሚያስጥል ካለም ይገሠጽ።

የሰከላዋ፦ እኔ ለመጠየቁ ነኝ፣ ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። አያቴ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ልጆች ታያለች። ጥቃቅን ልጆች፣ ቀይና ቢጫ የለበሱ፣ መደቡ ላይ ተደርድረው። አይናገሩም። ዛር ነው ተባለ፣ ጠበል ተወሰደች፣ ዶሮ ሁሉ ታረደ። እሷ ግን ትስቃለች። «እንደሌሉ አውቃለሁ፣ ግን ያምራሉ» ትላለች።

መምህሩ፦ እሰይ! ይሄማ ስም ያለው ነገር ነው። ቻርልስ ቦኔ የሚባል ስዊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1760 የጻፈው ስለ ገዛ አያቱ ነው። ሽማግሌው ሞራ ዓይናቸውን ጋርዶት ሰዎች፣ ወፎችና ሕንጻዎች ያዩ ነበር፤ አእምሯቸው ግን ንጹሕ ነው። ከዓይን መረጃ ሲቋረጥበት አንጎል ከራሱ ይሞላል። ትራኮማና ሞራ በበዛበት አገራችን እንዲህ የሚያዩ ስንት አሮጊቶች ዝም ብለው ይሆን? ለአያትሽ የሚያስፈልጋት የዓይን ሐኪም ነው። ሞራ ከሆነ ይገፈፋል።

የሰከላዋ፦ ታዲያ ጋሼ፣ የጠየቃት ቢኖር አይሻልም ነበር? አሁን እኮ ራስህ ለኛ መሰከርክ።

መምህሩ፦ እሱስ ነው። «በዚህ መልኩ አይጠየቅ» ነው ያልኩት።

የሳሉ ባለቤት፦ የጀመራችሁት በእኔ ነውና እኔም ልናገር። መጀመሪያ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ከዚያ በትሩን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ ቀጭ ይላል። ከዚያ ዝም። አልፈራም፤ እንዲያውም ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደኛል። የምታስፈራኝ ልጄ ናት፤ ቤቱን እንልቀቅ ትላለች። ቅጽ የያዘች ልጅ መጥታ «ድምፅ ትሰሚያለሽ?» ብትለኝ አልሰማም ነው የምላት። ቁጭ ብላ «ባለቤትሽ ካረፈ እንዴት ነሽ?» ካለችኝ ግን ሁሉንም እነግራታለሁ።

መምህሩ፦ እትዬ፣ ብቻዎን አይደሉም። ዌልስ ውስጥ አንድ ሐኪም ባል ወይም ሚስት የሞተባቸውን 293 ሰዎች ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ1971 ጽፏል። ግማሽ ያህሉ ሟቹ አጠገባቸው እንዳለ ይሰማቸዋል፣ አንዳንዱም ያየዋል፣ ይሰማዋል። አብዛኞቹ ደስ ይለናል እንጂ አያስፈራንም አሉ። ለሰው የተናገሩት ግን ጥቂት ናቸው።

ነርሷ፦ እትዬ ያሉት ልክ ነው። እኔ የምፈልገው ጥያቄ «ትሰማለህ?» አይደለም። ሲሰማህ ምን ትሆናለህ? ትበላለህ፣ ትተኛለህ፣ ሥራ ትውላለህ? ድምፁ ያዝዝሃል? «ራስህን ግደል» ወይም «እገሌን ምታ» የሚል ድምፅ ከሆነ ቀጠሮ የለም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ። ሳል የሚሰማ ሰው ግን ሻይ አፍሉለትና አጫውቱት።

ሾፌሩ፦ ይሄኛውን ጥያቄ እመልሳለሁ። ግን የመለስኩትን ማን ያነበዋል? ዛሬ የነገርኳት ነገ ጠላ ቤት እንዳልሰማው።

የሞጣው፦ የየቤቱ ጤና የሚመዘገብበት የቤተሰብ ፎልደር ጤና ኬላ ነው የሚቀመጠው። ጤና ኬላው በር ላይ ደግሞ ግማሽ ቀበሌ ነው የሚቀመጠው።

አወያይ፦ ሾፌሩ ያነሳው ሳይመለስ ድምፅ አንሰጥም። እኔ በነርሷ ጥያቄ ይጠየቅ ባይ ነኝ፤ መልሱ ግን ፎልደር ላይ አይጻፍ፣ አሳሳቢ ሲሆን ብቻ ሰውየው ራሱ እሺ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። ነርሷ አትስማማም መሰለኝ፣ እየጻፈች ነው።

ነርሷ፦ አልስማማም። ያልተጻፈ ሰው ይረሳል። ቆልፉበት እንጂ አትተዉት።