አዲስ ከርነል ኮምፓይል አድርጌ ላፕቶፔ አልነሳም አለ

ማታ_ሠሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላፕቶፔ ላይ ያለው ዴቢያን 12 (ሊኑክስ) ነው፤ ራሙ 4 ጊጋ፣ ዲስኩ ኤንቪኤምኢ (ፈጣኑ ኤስኤስዲ)። ከርነሉን (ሃርድዌሩን የሚያዘውን የሲስተሙን እምብርት) ቀለል ላድርገው ብዬ የ6.6ን ሶርስ ኮድ አወረድኩና ራሴ ኮምፓይል አደረግኩት፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀየርኩት። ቶሎ እንዲያልቅ የማያስፈልገውን የሚቀንሰውን «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» ተጠቀምኩ። እሱም ሆኖ ሁለት ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው፤ መብራት እንዳይጠፋብኝ ስሳቀቅ ነው ያመሸሁት። ከዚያ ሞጁሎቹን (ለየብቻ የሚጫኑትን የከርነሉን ክፍሎች) ኢንስቶል አደረግኩ፣ የከርነሉን ፋይል በእጄ ቡት ፎልደር ውስጥ ገለበጥኩ፣ የማስነሻ ሜኑውን ለማደስ «አፕዴት ግረብ» ብዬ ሪስታርት።

ጥቁር ስክሪን። መጨረሻው ላይ «ከርነል ፓኒክ» ይልና «አንኤብል ቱ ማውንት ሩት ኤፍኤስ ኦን አንኖውን ብሎክ (0,0)»፤ ዋናውን ፋይል ሲስተም መክፈት አልቻልኩም እንደማለት። የካፕስ ሎክ መብራት ብቻ ብልጭ ድርግም ይላል። ፓወሩን ጭኜ ይዤ ነው ያጠፋሁት። ዲስኬ ሞተ ማለት ነው? የመመረቂያ ጽሑፌ እዚያ ውስጥ ነው፤ ባክአፕ የለኝም፣ አትስደቡኝ።

ጥቁር_ተርሚናል፦
ስድቡን ለሌላ ቀን አቆየሁልህ። ዲስክህ ደህና ይመስለኛል። ሲነሳ የግረብ ሜኑ ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግባና የድሮውን ከርነል ምረጥ። አላጠፋኸውም አይደል?

ማታ_ሠሪ፦
አላጠፋሁትም። ተነሳ! ጽሑፌም አለ። መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት፣ አሁን ልቤ መለስ አለ።

የቡና_ሰዓት፦
(0,0) ማለት እኮ ከርነሉ ዲስኩን ጭራሽ አላየውም ማለት ነው። ዴቢያን የኤንቪኤምኢውንም የኤክስት4ንም (የዲስኩ ፋይል ሲስተም) ድራይቨር በሞጁል ነው የሚያደርገው፤ አንተም ኮንፊጉን (የከርነሉን ምርጫዎች ዝርዝር) ከሱ ወርሰሃል። ሞጁሉ ያለው ዲስኩ ላይ፣ ዲስኩ የሚነበበው በሞጁሉ። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተህ በሩን ዘግተህ ወጣህ። ሲነሳ ሞጁሎቹን ይዞ የሚጠብቀው ኢኒትራምኤፍኤስ ነው። ቡት ፎልደር ውስጥ በአዲሱ ቨርዥን ስም «ኢኒትአርዲ» የሚል የሱ ፋይል አለ?

ማታ_ሠሪ፦
የለም እህቴ። የድሮው ብቻ ነው ያለው። አሁን በ«አፕዴት ኢኒትራምኤፍኤስ» ሠራሁት፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ያው ፓኒክ። ያችው መብራት፣ ያችው ብልጭታ።

የቡና_ሰዓት፦
ከዚያ በኋላ «አፕዴት ግረብ» አልክ? ግረብ ቀድሞ ሜኑውን ሲሠራ ፋይሉ አልነበረም፤ ስለዚህ አይጭነውም።

ማታ_ሠሪ፦
አላልኩም። አሁን ብዬ ገባሁ፣ ተነሳ! የከርነሉን ቨርዥን የሚነግረው «ዩኔም» 6.6 ይለኛል። እግዜር ይስጥሽ። ግን ይሄን ጉድ ስሙ፦ ያንኑ ፍላሽ ሰካሁት፣ ዝም። በድሮው ከርነል ስነሳ ይሠራል።

ጥቁር_ተርሚናል፦
ሎካልሞድኮንፊግ የሚያስቀረው በዚያ ሰዓት የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ነው። ያን ማታ ፍላሽ አልሰካህም፣ ስለዚህ ድራይቨሩን ጣለልህ። በድሮው ከርነል ተነሳ፣ የድሮውን ኮንፊግ መልስ፣ ፍላሹን፣ ማውሱን፣ የስልክህን ኬብል፣ ያለህን ሁሉ ሰካካ፣ ከዚያ እንደገና። ሲያልቅ ደግሞ በእጅህ አትገልብጥ። «ሜክ ቢንዴብ ፒኬጂ» በል፤ የሚወጣውን ዴብ ፋይል (የዴቢያን መጫኛ) ስትጭነው ኢኒትራምኤፍኤሱንም ግረቡንም ራሱ ይጨርሰዋል።

ማታ_ሠሪ፦
ሁለት ሰዓት እንደገና?! እሺ። ዛሬ ፕሪንተር ከጎረቤት ተውሼ እሰካለሁ።