ፒዲኤፉን ወደ ኢንዲዛይን መመለስ አቃተኝ፣ እርዱኝ

ሰላም ጓዶች። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው። የአንድ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ 64 ገጽ፣ በፒዲኤፍ መጣልኝ። ዋናው ፋይል የለም፤ ያኔ የሠራው ልጅ ኮምፒውተሩ ተበላሽቶበት ሁሉም ጠፍቷል። አባቶች ደግሞ የመዋጮውን አንቀጽና ሁለት ሠንጠረዥ ብቻ ቀይረህ አትምልን ይሉኛል፣ ቀላል መስሏቸው።

ኢንዲዛይን (የገጽ ማቀናበሪያው ፕሮግራም) ውስጥ ሳስገባው እንደ ፎቶ ቁጭ ይላል እንጂ ፊደሉ አይነካም። በወርድ ስከፍተው ደግሞ ጉድ ነው! አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ሆኖ ይወጣል። የፒዲኤፉን ፎንት ሳየው ለካ ዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ የሚሰጠው የጋራ ሥርዓት) ያልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው፤ የኛን ፊደል በእንግሊዝኛው ኮድ ላይ ነው የደረደረው። ከምስል ላይ ጽሑፍ በሚያነበው ፕሮግራም፣ በቴሰራክትም ሞከርኩት፣ አማርኛ ያነባል፣ ግን "ለ"ን "ሰ" እያደረገ ሠንጠረዡን አንድ ላይ ጨፈለቀው።

የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ ቀይሮ ሠንጠረዡን ሳያፈርስ የሚያወጣ መንገድ የምታውቁ አላችሁ? ወይስ ቁጭ ብዬ 64ቱንም ገጽ እንደ አዲስ ልተይበው? አብሽር የሚለኝ ብዙ ነው፣ መፍትሔ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት። እስከ ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።