የልጅ ክፍል መጋረጃ በእጅ ለማተም የትኛው ቀለም ይሻላል? (ጥቆማ)

ለልጃችሁ መኝታ ክፍል መጋረጃ በእጃችሁ ልታትሙ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቀለሙን ጠረጴዛ ላይ አይታችሁ አትምረጡ። ቁራጭ ጨርቅ ላይ አትሙና መስኮት ላይ ይዛችሁ እዩት። መጋረጃ ቀን ቀን ብርሃኑ የሚመጣው ከጀርባው ነው።

እኔ ይህን የተማርኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ነጭ አቡጀዲ ላይ ደማቅ ቢጫ ጨረቃዎች አተምኩ። ማታ በመብራት በጣም ያምሩ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ግን ሁሉም ጠቆሩ። ልጄ ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ «ጨረቃዎቹን ማን አጠፋቸው?» አለችኝ። የተጠቀምኩት ድፍን ቀለም ነበር፤ ብርሃን አያሳልፍም።

ገበር ለሌለው መጋረጃ ብርሃን አሳላፊ የጨርቅ ቀለም ውሰዱ። ፔቤኦ የሚባለው ድርጅት የሚሠራው ሴታከለር የተባለ የጨርቅ ቀለም በሁለቱም ዓይነት ይገኛል፣ አሳላፊውም ድፍኑም አለ። አሳላፊው የሚያምረው ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ጨርቅ ላይ ነው። ቀጠን ስለሚል ማህተሙን በስፖንጅ መታ መታ እያደረጋችሁ ቀቡት። ከደረቀ በኋላ እንፋሎት በሌለው ካውያ 5 ደቂቃ ያህል ይተኮሳል። ይህ ካልተደረገ ሲታጠብ ይለቃል።

ስፒድቦል የሚባለው ድርጅት የሚሠራው የጨርቅ ማተሚያ ቀለም ደግሞ ወፈር ያለ ነው። ዘይት አለበት፣ ግን በውሃና በሳሙና ይጸዳል። ካውያም አይፈልግም፤ አንድ ሳምንት ገደማ እንዲደርቅ መተው ብቻ ነው። ቀጫጭን መስመር ያለው ቅርጽ ከሆነ እኔ ይህን እመርጣለሁ። የሥዕል አክሬሊክን ለብቻው አልመክርም። ጨርቁን ያደርቀዋል፣ መጋረጃው እንደ ካርቶን ይቆማል። ለጨርቅ ሥዕል ተብሎ ከቀለም ጋር የሚደባለቅ ውህድ (የልብስ ማጠቢያ ማለስለሻ አይደለም) ከተቀላቀለበት ይሻላል።

ማህተሙስ? ድንች ለአንድ ከሰዓት ጨዋታ ጥሩ ነው፤ ለሙሉ መጋረጃ ግን አይበቃም። እርጥበት ስላለው ቀለሙን ያቀጥነዋል፣ ጠርዙም ቶሎ ይሟሽሻል። ለትንንሽ ኮከቦች ላጲስ ቅረጹ። ለዋናው ቅርጽ ለስላሳ ሊኖሊየም (ለህትመት የሚቀረጽ ልስልስ ንጣፍ) የሚያህለው የለም፤ መቶ ጊዜ ብትመቱበትም ያው ነው። ወፍራሙን ቀለም በሮለር ስትዳምጡ ጆሮ ስጡት። ስስ «ሽሽ» የሚል ድምፅ ካሰማ ልክ ነው። ጭቃ እንደረገጠ ሰው የሚጨመላለቅ ከሆነ ቀለሙ በዝቷል፣ የቅርጹን ጉድጓድ ይሞላዋል። ከጨርቁ ሥር ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። ከዚያ ቆማችሁ በመዳፍ ተጫኑት። ተቀምጦ መጫን ግማሹን ያስቀራል።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ማለስለሻ ሳትጨምሩ አስቀድማችሁ እጠቡት፤ ጥጥ ይሰበሰባል። ስፋቱ ከመስኮቱ አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ቢሆን እጥፋቱ ያምራል። ፖሊስተር ግን ለዚህ ሥራ አልመክርም፣ በጣም የጋለ ካውያም አይችልም።

ሥራውን ለሰው ለመስጠት ካሰባችሁ ስፌቱን ስጡ፣ ህትመቱን ራሳችሁ ያዙ። ሳይሰፋ ዝርግ ሆኖ ይታተም። ዲጂታል ማተሚያ ቤት ፎቶ ወይም ብዙ ቀለም ያለው ሥዕል ስትፈልጉ ያዋጣል። ናሙና አሳትማችሁ አንዴ ሳታጥቡ ግን ሙሉውን አትዘዙ። ልጁ ብርሃን የማይወድ ከሆነ ልብስ ሰፊው ብርሃን የማያሳልፍ ገበር ያድርግበት፤ ያኔ ድፍን ቀለምም ችግር የለውም። መጋረጃው የሚንጠለጠል ገመድ ግን አይኑረው። ለትንሽ ልጅ አንገት አደገኛ ነው።

እኔ በሁለተኛው ዙር አሳላፊ ቢጫ ተጠቀምኩ። ጠዋት ፀሐይ ስትመጣ ጨረቃዎቹ ይበራሉ። የታችኛውን ረድፍ ልጄ ናት ያተመችው፣ ቁመቷ እዚያ ድረስ ነው። ሁለቱ ተገልብጠዋል፤ አልነካኋቸውም።