ኳስ ሜዳ በር ላይ ማገዝ ኬዝ ያበላሻል?

የሸለቆው ልጅ፦
ሰላም ወገኖች። የምኖረው ዌልስ ውስጥ፣ ከካርዲፍ በስተሰሜን ካሉት የድሮ የከሰል ከተሞች በአንዷ ነው። ጥገኝነት ጠይቄ ነው፤ እዚህ ያስቀመጠኝ ሆም ኦፊስ (የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ነው። ኢንተርቪው ገና አልተጠራሁም። ካርዴ ላይ ሥራ ክልክል ነው የሚል ተጽፏል።

ባለፈው ቅዳሜ ሰፈሬ ያለችው ኳስ ሜዳ ሄድኩ። ባንድ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ አላት፣ በሌላው በኩል ተደግፈህ የምታይበት የብረት አጥር ብቻ ነው። ሜዳው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መግቢያው 6 ፓውንድ ነው ሲሉኝ ልመለስ ነበር። በሩ ላይ ያሉት ሽማግሌ ፊቴን አይተው «ግባ፣ ግባ» አሉኝ። ውስጥ የተጫዋቾቹ ስድብ ሳይቀር ይሰማል። አጠገቤ የቆመው ሰውዬ የመስመር ዳኛውን በስሙ እየጠራ ነው የሚሰድበው። ተከላካዩ አንዷን ኳስ በአጥሩ ላይ አሳልፎ ወንዝ ከተታት። ወዲያው አንድ ሰው ጫፉ ላይ መረብ የታሰረበት ረጅም ዘንግ ይዞ ሮጠ። ማንንም አልገረመም፤ ዘንጉ ለዚሁ ተብሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ነው የሚኖረው።

እረፍት ላይ ሻይ የሚሸጥባት ክፍል ተጨናነቀች። ኩባያ በማቀበል ትንሽ አገዝኩ። ሲያልቅ የክለቡ ኃላፊ መጥቶ «ሜዳችን ላይ ጨዋታ ባለ ቁጥር ና፣ በር ላይ አግዘን፣ ለትራንስፖርት 20 ፓውንድ እንሰጥሃለን» አለኝ። እኔ ደግሞ የምሄደው በእግሬ ነው። ኬዜን ይነካብኛል? የምታውቁ ንገሩኝ።

ጋሼ በርሚንግሃም፦
ወንድሜ፣ ቀድመህ መጠየቅህ ደግ ነው። ይኸውልህ፣ ሆም ኦፊስ ሁለት ነገር ለይቶ ነው የሚያየው። አንዱ በጎ ፈቃድ ነው። ለበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ወይም ለመንግሥት ተቋም ስታገለግል ማለት ነው። ይሄ ኬዙ ላልተወሰነለት ሰውም የተፈቀደ ነው። ሁለተኛው ደሞዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ሌላ ጊዜ ተከፍሎት የሚሠራ ሰው ቦታ ላይ አንተን በነጻ ሲያቆሙህ። ይሄ ክልክል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ክለቡ በምን እንደተመዘገበ ጠይቅ። ትንሽ ስለሆነ በጎ አድራጎት ነው ማለት አይደለም፤ የንግድ ድርጅት ሆኖ የተመዘገበም አለ። ሁለተኛ፣ ያ 20 ፓውንድ። ያወጣኸውን የትራንስፖርትና የምግብ ወጪ ሊመልሱልህ ይችላሉ። አንተ ግን ያወጣኸው የለም! በእግርህ ሄደህ 20 ፓውንድ ከተቀበልክ ክፍያ ነው። የሳምንት ድጎማህንም ሊያስጠይቅህ ይችላል። ሻይና ፓይ ከሰጡህ ብላ። ጥሬ ገንዘብ እንዳትነካ።

ሌላ፣ ኬዝህን ካስገባህ 12 ወር አልፎ መልስ ካልመጣና መዘግየቱ ባንተ ጥፋት ካልሆነ የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ትችላለህ። የሚፈቀደው ግን ዝርዝር ውስጥ ያለ ሙያ ብቻ ነው፤ በር ጥበቃ አትጠብቅ። ይሄ ሁሉ የኔ ንግግር ነው፣ ጠበቃህን ሳትጠይቅ ምንም አትጀምር።

ኒውፖርት ማዶ፦
ጋሼ ሕጉን ጨርሰዋል፣ እኔ ኳሱን ልቀጥል። ወንድማችን፣ ባንተ ሰፈር ያሉት ክለቦች አብዛኞቹ በራሷ በዌልስ ሊግ ነው የሚጫወቱት። የዌልስ ዋና ሊግ የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1992 ነው። ያኔ እንግሊዝ ሊግ እንቆያለን ያሉ የዌልስ ክለቦች ከፌዴሬሽኑ ጋር ተጣልተው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል። አንዳንዶቹም ተሰደው ሜዳ የተከራዩት እንግሊዝ ውስጥ ነበር። በ1995 ረቱና አገራቸው ገቡ። እኛ ብቻ አይደለንም ጥገኝነት የጠየቅነው 😄

አሁንም እንግሊዝ ሊግ ውስጥ ካሉት አንዱ ሜርተር ታውን ነው። ባቡር ከካርዲፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሜዳው ፔኒዳረን ፓርክ ይባላል፤ የቆመው የሮማውያን ምሽግ በነበረበት መሬት ላይ ነው። በ1804 በሐዲድ ላይ የሄደችው የመጀመሪያዋ የእንፋሎት ባቡርም ከዚያው ከፔኒዳረን ብረት ማቅለጫ ነው የተነሳችው። በ1987 እዚያች ሜዳ ላይ አታላንታን 2 ለ 1 አሸንፈዋል። አዎ፣ የጣሊያኑን አታላንታ! መልሱን 2 ለ 0 ተሸንፈው ወጡ እንጂ። በ2010 ክለቡ በዕዳ ፈረሰ፣ ደጋፊዎቹ ራሳቸው እንደገና አቋቁመው ከታች ጀመሩ። ሬክሳም የሚባለው የዌልስ ክለብም የሆሊዉድ ሰዎች ሳይገዙት በፊት ለዓመታት ከአራቱ የእንግሊዝ ዲቪዚዮኖች በታች ነበር። ስለዚህ ሰፈርህን አትናቅ።

እትዬ ብሪስቶል፦
ልጄ፣ ያቺ የወንዝ ዳር ዘንግ አሳቀችኝ። እኔ ኳስ አላውቅም ነበር፤ ባለቤቴ ነው አዲስ አበባ ስታዲየም ይወስደኝ የነበረው። እሱ ካታንጋ ከሚባለው የስታዲየሙ ክፍል ሌላ አይቀመጥም። ጊዮርጊስና ቡና ሲጫወቱ ቆሎዬን ይዤ ከጨዋታው ይልቅ ሰውን ነበር የማየው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ሰው አጠገቤ ቆሞ «ዛሬ እንዴት ነው?» ብሎኝ የሚያውቀው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ብሩን ተወው፣ ሰዎቹን ግን አትተው። ቤት ተቀምጦ ኢንተርቪው መጠበቅ ሰው ያሳብዳል።

ሪያድ የነበርኩ፦
እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ። «ብሩን ተወው» ማለት ቀላል ነው። እኔ ሪያድ ሰው ቤት ስሠራ አንዲት ቀን ለራሴ አልወጣሁም፣ ወንድሞቼ የተማሩት በዚያ ነው። 20 ፓውንድ አገር ቤት ስንት እንደሚሆን ታውቃለህ? እናትህ ቤት ዘይት ነው። ትራንስፖርት ነው ብለው በእጅህ ከሰጡህ ማን ያያል?

ጋሼ በርሚንግሃም፦
ማን ያያል? ሆም ኦፊስ ፌስቡክ ያያል! ክለቡ የጨዋታ ቀን ፎቶ ይለጥፋል፣ ልጁ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ በር ላይ። እባክሽ እህቴ፣ ሰው አታስገቢ ችግር ውስጥ።

ሪያድ የነበርኩ፦
እኔ ችግር ውስጥ አላስገባሁም። ሁላችሁም ወረቀት ካገኛችሁ በኋላ ነው ሕግ የምታወሩት።

ኒውፖርት ማዶ፦
ይሄ ደግሞ የት መጣ? ልጁ የጠየቀው ሌላ። እኔም እልካለሁ፣ በየወሩ። ግን ታናሼ ሜዳ ላይ የተነሳሁትን ፎቶ አይቶ «ኳስ ለማየት ካለህ ለእኛ አጣህ?» ሲለኝ፣ የገባሁት በ8 ፓውንድ መሆኑን ማስረዳት ሰለቸኝ። አሁን ፎቶ አልለጥፍም። ሰው ቅዳሜውን መደበቅ አለበት እንዴ?

ሪያድ የነበርኩ፦
ታናሽህ የሚበላው ካጣ ምን ይበል? እንኳን ደስ አለህ ይበል?

እትዬ ብሪስቶል፦
ኧረ በእመብርሃን ተዉ! ሁለታችሁም ትልካላችሁ፣ ሁለታችሁም ደክሟችኋል።

የሸለቆው ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ኃላፊውን ክለቡ በምን እንደተመዘገበ ጠየቅኩት። ሳቀና «ጸሐፊዋን ጠይቃት» አለኝ። ጸሐፊዋ ለእረፍት ስፔን ናት። ጠበቃዬም ኢሜይል አልመለሰችም። ለጊዜው ቅዳሜ ገብቼ ብቻ አያለሁ። ጋሼ፣ ዕጣ ቲኬት እየዞሩ መሸጥስ? ያንን ገንዘብ ሳልቀበል?

ጋሼ በርሚንግሃም፦
ያው ነው ልጄ፣ ምዝገባው ካልታወቀ ምንም እንዳትይዝ። ሪያድ፣ አንቺ ደግሞ ነገ ደውዪልኝ፣ እዚህ አንጨቃጨቅ።

ሪያድ የነበርኩ፦
አልደውልም። እዚህ ይመልሱልኝ፣ ሁሉም ይስማ።