የሳልኩት ጠመንጃ ለምን የውሸት ይመስላል?

ለጌም የሚሆን ጠመንጃ እየነደፍኩ ነው። ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት። አሁንም መጫወቻ ይመስላል።

የክላሽን አሠራር ሳጠና አንድ ነገር ገባኝ። ካዝናው የታጠፈው ለውበት አይደለም። የ7.62 በ39 ሚሊሜትር ጥይት ቀለህ ወደ ፊት እየጠበበ ስለሚሄድ፣ ሲደረደር ራሱ ቅስት ይሠራል። በጣም ደስ አለኝ! ከአፈሙዙ በላይ ያለው ቱቦም ምክንያት አለው፤ የባሩዱ ጋዝ በዚያ በኩል ፒስተኑን ወደ ኋላ ይገፋል።

ግራ የገባኝ ግን እዚህ ላይ ነው። የእኔ ጠመንጃ ካዝናው ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ጋ ነው። ጥይቱን የሚዘጋው ብረት ወደ ኋላ ሲንሸራተት ምን ያህል ቦታ ልተውለት? ቀለሁስ የተኳሹን ፊት እንዳይመታ በየት ይውጣ? በተለይ በግራ ትከሻው ሲተኩስ? አኒሜሽኑ ያለዚህ አይሠራም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ በንድፍ አሳዩኝ።